ተመልካቹማ ገብቶታል

ሰሞኑን አንድ የፊልም ዳይሬክተር ስለ አዲሱ የቤተሰብ ድራማው በቴሌቪዥን ተጠየቀ። ገጸ ባህሪያቱ ለምን እንዲህ ሁሉን ነገር ይዘረዝራሉ? መልሱ አጭር ነበር፤ የኛ ተመልካች ካልተነገረው አይገባውም። ጠያቂዋም ፈገግ ብላ አለፈችው። እኔ ግን አላልፈውም።

ፊልሙን ከፍዬ አይቼዋለሁ። ታላቅ ወንድም በር ከፍቶ ይገባና ታናሹን «አባታችን ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው፤ እናታችንም ታማለች፤ አንተ ግን ቤቱ ይሸጥ ትላለህ» ይለዋል። ምን ማለት ነው? የአባቱን ሞት ገና ሊያረዳው ነው? እናትየው ደግሞ እያለቀሰች «በጣም አዝኛለሁ» ትላለች። እያየንሽ እኮ ነው!

አይገባውም የተባለው ተመልካች በአሽሙር ያደገው ነው? በኛ ቤት ማን ነው ፊት ለፊት የሚናገረው? ባልና ሚስት ሲኮራረፉ መልእክት በልጅ ነው የሚሄደው። አባት እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጦ «ለአባትህ እራት ቀርቧል በለው» ይባላል። ልጁም ሁለት እርምጃ ተራምዶ ያደርሳል። አማት ምራቷን መስደብ ሲያምራት ድመቷን ትሰድባለች። ምራት ይገባታል፤ ጎረቤትም ይገባዋል፤ ያልገባት ድመቷ ብቻ ናት። አክስት ቡናውን ፉት ብላ «ጥሩ ነው፣ የእማማን ባያህልም» ስትል የስንት ዓመት የውርስ ቂም ረከቦቱ ላይ ይዘረገፋል። አባት ከልጁ ጋር ሊታረቅ ሲፈልግ ይቅርታ አይልም። አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ያጎርሰዋል፤ አለቀ። ይህን ሁሉ ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ይረዳዋል። ታዲያ ሲኒማ ቤት ስንገባ ነው የምንደነዝዘው?

በጀት የለም ይሉናል። እሱስ እውነት ነው። ካሜራ በኪራይ ነው፣ መብራትም ይጠፋል። ዝም ማለት ግን ስንት ብር ይፈጃል?

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እዚያ እናቱ የሞተችበት ልጅ ናፍቆቱን በጉን ሙጭጭ ብሎ በመያዝ ነው የሚያሳየን። አጎቱ በጉ ለበዓል ይታረድ ሲል ልጁ ምን ሊያጣ እንደሆነ ማንም አስረጂ አያስፈልገውም። ያ ለፈረንጅ የተሠራ ነው ትሉኝ ይሆናል። እንግዲህ አማርኛ የማያውቀው ፈረንጅ ገብቶት እኛ ሳይገባን ቀረ ማለት ነው።

በድራማው ውስጥ ተዋናዮቹ የሚጮኹትም ከዚሁ ተመልካቹን ካለማመን የመጣ ነው። በብሔራዊ ቴአትር መጨረሻው ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ድምፅ ማድረስ ትልቅ ሙያ ነው። ካሜራው አፍንጫ ሥር ሲሆን ግን ያው ድምፅ ጆሮ ይበሳል። ይህን «ቀስ በሉ» ብሎ ማስተካከል የዳይሬክተሩ ሥራ ነበር።

ተዋናዮቹንማ አልወቅስም። እናትየውን የተጫወተችው ተዋናይት ልጇ ሻንጣውን ሲያነሳ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ገባች። አዳራሹ እህ አላለም። እዚያ ላይ ቢቆረጥ ምን ነበረበት? ካሜራው ተከትሏት ጓዳ ገባና «ልጄ ጥሎኝ ሊሄድ ነው!» አስባላት። ከኋላዬ የነበረ አንድ ጎረምሳ «አውቀናል እማማ!» ሲል ሰው በሳቅ ፈረሰ። የፊልሙ ትልቁ የሐዘን ትዕይንት መሆን የነበረበት እሱ ነው።