የታመመ ትከሻ እስኪሻለው አይንቀሳቀስ የሚለው ትክክል አይደለም

«ትከሻዎን ካመመዎት ሕመሙ ጨርሶ እስኪለቅዎ ክንድዎን አያንቀሳቅሱ፤ ካልተሻለዎት ኦፕራሲዮን ነው» ብለው የጻፉትን ማረም እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ስለሚያምነው ጉዳቱ ሰፊ ነው።

አጥንት ከተሰበረ ወይም ትከሻው ከወለቀ፣ አዎ፣ ሐኪም እስኪፈቅድ መጠበቅ ግድ ነው። አብዛኛው የትከሻ ሕመም ግን የክንድን አጥንት በቦታው ከሚይዙት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ሥራ ሲፈቱ ይደክማሉ፣ መገጣጠሚያውም እየደረቀ ይሄዳል። ጅማት የሚጠነክረው ጭነትን ቀስ በቀስ ሲለምድ ነው፤ መጀመሪያ ክንድን በሌላው እጅ እየደገፉ ማንሳት፣ ቀጥሎ ግድግዳ መግፋት፣ ከዚያ በላስቲክ ወይም በቀላል ክብደት መሥራት። በልምምድ ጊዜ መጠነኛ ሕመም ቢሰማ ጅማቱ እየተበጠሰ ነው ማለት አይደለም። በማግስቱ ወደነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ተስማምቷል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ከነሳ ይቀነስ እንጂ አይተው። ለውጥ ለማየት 12 ሳምንት ገደማ ሊወስድ ይችላል። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጠው ማቆማቸው ከልብ ያሳዝነኛል።

ኦፕራሲዮኑን በተመለከተ፣ በእንግሊዝና በፊንላንድ ተካሂደው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤታቸው የወጣ ሁለት ጥናቶች፣ ከትከሻ ጫፍ ሥር አጥንት የሚፋቅበትን ቀዶ ሕክምና ከማስመሰያ ቀዶ ሕክምና (የትከሻው ውስጥ ታይቶ አጥንቱ ሳይፋቅ ከሚቀርበት) ጋር አነጻጽረው ለታካሚው ትርጉም ያለው ብልጫ አላገኙበትም።

ከወደቁ በኋላ ክንድዎ በድንገት አልነሳ ካለ፣ ወይም ሕመሙ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ግን ልምምዱን ሳይጀምሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።