ከንፋስ ላዳናችሁን ሁሉ

ሐውልት ይገባቸዋል። እዚህ ጅማ፣ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለን፤ ጥሩ ነው፣ ግን የሚያስታውሰው አንድ ንጉሥ ብቻ ነው። በየቀኑ በየሚኒባሱ ከጎናችን ተቀምጠው፣ እጃቸውን በትከሻችን ላይ አሳልፈው፣ ሳይጠይቁን መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ለሚዘጉልን ሰዎች ግን እስካሁን አንድ ድንጋይ አላቆምንም። መናኸሪያው በር ላይ ቢሆን እመርጣለሁ። አንድ የነሐስ እጅ፣ አንድ የመኪና መስታወት፣ ከሥሩ ደግሞ «ንፋስ እንዳይመታን ለታገሉልን» ይባል።

ሥራቸው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፋችሁ ወደ ግቤ በረሃ ስትወርዱ ሸሚዝ ወንበር ላይ ይጣበቃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰኮሩ ላይ ጥሬ የነበረ ሙዝ ወልቂጤ ሲደርስ በስሎ ይወርዳል። በዚህ ሰዓት ደካማ ሰው መስኮት ይከፍት ነበር። የኛ ጀግና ግን ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ ላቡን በዚያው ጋቢ ጫፍ እየጠረገ፣ «ኧረ እሱን ነገር ዝጉት፣ ብርድ ገባ» ይላል። ግቤ ላይ! ሹፌሩ እንኳ በመስታወት ዞር ብሎ ያየዋል። ግን አይናገርም፤ ማን ደፍሮ ይናገራል?

አንድ ጊዜ ተናግሬ አውቃለሁ፤ ከኋላዬ የነበሩ አዛውንት ወዲያው አረሙኝ። «ልጄ፣ ንፋስ ምን እንደሚያደርግ አንቺ ገና አላየሽም» አሉኝ። «ሀጂ፣ እዚህ ውስጥ እኮ ሦስት ሰው እያሳለ ነው» አልኳቸው። «እኮ! ለዚያ ነው የምንዘጋው፣ እንዳይብስባቸው» አሉና ጉዳዩ ተዘጋ። መስኮቱም።

ቲዎሪውን እናውቀዋለን፣ ከእናታችን ወተት ጋር ነው የጠጣነው። ንፋስ ሲመታ ሳምባ ይበርዳል። ሳምባ ሲበርድ ሳል ይመጣል። ሳሉ ሲከርም ደግሞ፣ ያው፣ ስሙ አይጠራም። ሮበርት ኮህ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ ቆሞ፣ ሳምባ ነቀርሳን፣ ቲቢን ማለቴ ነው፣ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው ብሎ ከነማስረጃው ተናግሯል። እኛም አክብረነዋል። በየዓመቱ መጋቢት 15 የቲቢ ቀን ብለን ባነር እንሰቅላለን፣ ንግግር እናደርጋለን፣ ቆሎና ውኃ እናድላለን። የአዳራሹን መስኮት ዘግተን።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። የሳምባ ቲቢ ይዞት ገና ሕክምና ያልጀመረ ሰው ሲያስል፣ ሲዘፍን፣ ሲያወራም ጭምር ከአፉ በዓይን የማይታዩ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ትልልቆቹ መሬት ይወድቃሉ። ትንንሾቹ ግን ደርቀው አየር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ንፋስ የማይገባበት ቤት ውስጥ ከሆነ ለሰዓታት እዚያው ናቸው፣ ሰውየው ወርዶ ከሄደ በኋላም ጭምር። እነሱን የሚያጠፋቸው ሁለት ነገር ነው፤ አየሩን የሚቀይር ንፋስና የፀሐይ ብርሃን። መስኮት ዘጊያችን ባክቴሪያውን ከአንደኛው ጠላቱ ያድነዋል። ቀጥሎ መጋረጃውን ይስብና ከሁለተኛውም ያድነዋል። እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀባይነት የትም አገር የለም።

ፈረንጆች ይሄን ለማረጋገጥ ብዙ ገንዘብ አባክነዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ ዌልስና ራይሊ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የቲቢ ሕሙማን የተኙበትን ክፍል አየር በቱቦ እየሳቡ ጊኒ ፒግ ወደሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ላኩት። እንስሳቱ ሕመምተኛ አላዩም፣ አልነኩም፣ ከአንድ ብርጭቆ አልጠጡም። ተነፈሱ፣ በቃ። በርካቶቹን ያዛቸው። አየሩ ተህዋስ በሚገድል አልትራቫዮሌት መብራት ታጥቦ የደረሳቸው ሌሎቹ ደግሞ ደህና ሆኑ። ይሄ ሁሉ ቱቦና ጎጆ ለምን አስፈለገ? ከጅማ የሚነሳ አንድ ቅጥቅጥ ቢያዩ እኮ ሙከራውን እኛው እንሠራላቸው ነበር፣ ያውም ታሪፉን ከኪሳችን ከፍለን።

ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ፔሩ ውስጥ ሊማ ላይ የሆስፒታል ክፍሎችን አየር ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። ውድ ማሽን የተገጠመላቸው ክፍሎች አየራቸው በሰዓት 12 ጊዜ ይቀየራል። ማሽን የሌላቸው፣ መስኮትና በራቸው ብቻ የተከፈተው ክፍሎች ግን 28 ጊዜ ገደማ። ማሽኑ ስንት እንደሚያስከፍል አስቡት። መስኮት መክፈት ደግሞ... እ፣ እሱም በነፃ አይደለም፣ ጥርስ ይነከስባችኋል።

«ይኸው ስንት ዓመት ዘግተን ሄድን፣ ምን ሆንን?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ብዙዎቻችን ምንም አልሆንም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ባክቴሪያው ሰውነቱ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ የተኛበት ነው ይባላል፤ ከነዚህ ውስጥ በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከ100 ሰው 5 ወይም 10 ቢሆኑ ነው። ስኳር፣ ኤች አይ ቪ፣ የምግብ እጥረት፣ እርጅና ሲመጣ የተኛው ይነሳል። ማለት መስኮቱ የተዘጋበት ጉዞ ሒሳቡ ከስንት ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ ማን ነበር ጎኔ የተቀመጠው ብሎ የሚያስታውስ የለም። መስኮት ዘጊነት ተጠያቂ የሌለበት ሙያ ነው። ኩፍኝ ይሻላል፣ ቶሎ ይታወቃል፤ እሱም በአየር ነው የሚሄደው፣ በሽተኛው ከወጣበት ቤት እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ክትባት በሌለበት ቦታ አንዱ ሕፃን ለ12፣ ለ18 ሰው ያዳርሳል። እሱን ደግሞ ፀሐይ እንዳያይ ብለን በጨለማ ቤት ዘግተን፣ ጎረቤቱን ከነልጆቹ ጠርተን ቡና እናፈላለታለን።

በ2012 ዓ.ም. ትንሽ ተፈትነን ነበር። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ ተባለና ታክሲ በግማሽ እየጫነ በእጥፍ ታሪፍ መስኮት ከፍቶ መሄድ ጀመረ። ጉድ ነው፣ ለወራት ንፋስ መታን። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ሳምባው በርዶ ያልቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀም። ከዚያ ትርፉ ሰው ተመለሰ፣ መስኮቱ ተዘጋ፣ ማስኩ ወደ አገጭ ወርዶ ከአገጭ ወደ ኪስ ገባ፣ ከኪስ የት እንደገባ አላውቅም። ታሪፉ ብቻ ነው ሥነ ሥርዓቱን ጠብቆ ወደ ላይ የቀጠለው።

የመኪናውን ብቻ አነሳሁ እንጂ የከተማችን እውነተኛ መስኮት ዘጊዎች ያሉት በርጫ ቤት ነው። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ይገጠማል፣ መጋረጃው ይጣላል፣ ፍራሹ ላይ ስምንት ሰው ትከሻ ለትከሻ ይደረደራል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሲጋራ ይጨሳል፣ አንዱ ጥግ ላይ ሁለት ወር ያስቆጠረ ደረቅ ሳል ያስላል። መስኮቱን የሚነካ ሰው ካለ ምርቃና ሰባሪ ተብሎ ይመዘገባል። «ጫቱ ነው ጉሮሮውን የከረከረው» ይባላል ስለሚያስለው። እስከ ማታ አንድ ዓይነት አየር ለስምንት ይካፈላሉ። ስለ አገር ኢኮኖሚ ብዙ መፍትሔ ከዚያ ቤት ይወጣል። አየር ብቻ ነው የማይወጣው።

ይሄ የሚያስለው ልጅ ሕክምናውን እቤቱ ጀምሯል፣ እንዳትሰጉ። መጀመሪያ ዝንጅብልና ማር፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ እናቱ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡት። ሳይሻለው ሲቀር ጎረቤት ከፊሉን ውጣ የተረፋትን አሞክሳሲሊን አመጣች፤ አራት ፍሬ። ስስት የለብንም። ሁለት ወር ሆነው። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታ ይሰጣል፣ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ቲቢ መኖር አለመኖሩን፣ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት የሚቋቋም መሆኑንም ይናገራል። ግን ሰው ካየኝስ? ስለዚህ አልሄደም። በሚኒባስ ግን ይሄዳል፣ እዚያ ማንም አያየውም፤ መጋረጃው ተስቧል።

አሁን ደግሞ ዋናውን ጥበባችንን ልንገራችሁ። ይሄው ልጅ አንድ ቀን ጨክኖ ተመረመረና ቲቢ ነው ተባለ እንበል። መድኃኒቱ ነፃ ነው፣ መደበኛው ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ አራት ወር ሁለት ዓይነት። ሽንቱ ብርቱካን ሲመስልበት ይደነግጣል፣ ከሪፋምፒሲኑ ነው ይሉታል፣ ይረጋጋል። ብዙውን ጊዜ በትክክል እየዋጠ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይወርዳል። ማለትም እዚያ ሰፈር ውስጥ አብሮ ለመቀመጥ ከሚያሰጋን ሰው ሁሉ የመጨረሻው እሱ ሆነ ማለት ነው። እኛ መሸሽ የምንጀምረው ያኔ ነው። ሲኒው ይለያል። ማንኪያው ይለያል። ቡና ጠጡ ሲባል ይረሳል። ቲቢ በሲኒ አይተላለፍም፣ ግን ሲኒ ይታያል፣ አየር አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ እንዴት ይለያል? ሳያውቅ እያሳለ ሁለት ወር አቅፈን ከርመን፣ መድኃኒት ሲጀምር ከሸኘነው፣ በሁለተኛው ወር «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ቢጥል ማን ይፈርድበታል? ክኒኑ ነው እኮ ያጋለጠው። ባክቴሪያው ያን ጊዜ የመድኃኒቱን ጠባይ ለምዶ ይመለሳል፤ መድኃኒት የተለማመደው ቲቢ ደግሞ ሌላ መድኃኒት፣ ሌላ ክትትል፣ አንዳንዴም ከስድስት ወር የረዘመ መከራ ነው።

ሕመምተኛ የሚያስተናግዱት ራሳቸው ከዚህ ባህል ያፈነገጡ እንዳይመስላችሁ። በቅርቡ አንድ ስሙን የማልጠራው ጤና ተቋም ወረፋ ይዤ ነበር። ግድግዳው ላይ «ሲያስሉ አፍዎን በክንድዎ ይሸፍኑ፣ መስኮት ይክፈቱ» የሚል ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። የተለጠፈው መስኮቱ ላይ ነው። እንዳይከፈት አራቱንም ማዕዘን በፕላስተር።

እንግዲህ እናንተ መስኮት ከፋቾች፣ ቁጥራችሁ ጥቂት ቢሆንም፣ መንገድ ላይ ስትወጡ በሳይንስ አትከራከሩ። ኮህን አትጥሩ፣ ስለ ባልቲሞር እንስሳትም ዝም በሉ፣ ይስቁባችኋል። ጅማ ከተማ ውስጥ መስኮት እንዲከፈት የሚፈቅድ አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም «ሊያስመልሰኝ ነው» የሚለው ነው። ይሄን ስትሉ ተአምር ታያላችሁ። ጋቢ ለባሹ ራሱ ዘሎ ይከፍትላችኋል። ረዳቱ ጥቁር ፌስታል ያቀብላል፣ አንዷ እናት ከቦርሳቸው ሎሚ ያወጣሉ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ንፋሱን ሳቢ፣ ንፋስ ጥሩ ነው» ይሏችኋል። አዎ፣ እነዚያው ሰዎች። ንፋሱ ይገባል፣ መጋረጃው ይወዛወዛል፣ ሦስቱም የሚያስሉት አየር ያገኛሉ።

አደጋው ሰኮሩን ስታልፉ ነው። ጋቢ ለባሹ ጎንበስ ይልና በርኅራኄ «ተሻለሽ?» ይላችኋል፣ እጁ መስታወቱ ላይ ነው። ሎሚያችሁን አሽትቱ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ወልቂጤ እስክትደርሱ እንዳይሻላችሁ።