ቤት ሰጥታችሁ ምሳውን የምትመርዙ

ወገኖቼ፣ ጉጉት ባየ ቁጥር ድንጋይ ከሚያነሳው ሰው ጋር ሌላ ቀን እንገናኛለን። የዛሬው ቃሌ ለደጎቹ ነው። ጣውላ ለክታችሁ፣ ቆርጣችሁ፣ ሚስማር መትታችሁ ከዛፍ ወይም ከግድግዳ ላይ ሳጥን ለሰቀላችሁት፤ ጭልፊት ወይም ጉጉት ገብታ ስትፈለፍልበት ለጎረቤት ሁሉ ላወራችሁት። እናንተን ነው የምወቅሰው። ራሴንም አልተውም፤ ከብዙዎቻችሁ የባሰ አጥፍቼ አውቃለሁና።

ጥፋቴን ላስቀድም። በአንድ ወቅት ከግድግዳ ላይ በሰቀልኩት ሳጥን ውስጥ ጭልፊት አራት ጫጩቶች አሳደገች፤ ያቺ አየር ላይ ቀጥ ብላ ክንፏን እያርገበገበች ቁልቁል የምትቃኘው ትንሿ ጭልፊት ናት። ከሩቅ ሆኜ ማየት ለሳምንታት በቅቶኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ጫጩቶቹ ደረታቸውን ወደ ሳጥኑ አፍ አምጥተው ሲደረደሩ አየሁና ፎቶ አማረኝ። ስልኬን በጥርሴ ነክሼ መሰላል ወጣሁ። አንገቴን ቀና ሳደርግ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሁለቱ ከኋላው ጣውላ ተለጠፉ። ሦስተኛው በጀርባው ተንጋሎ ጥፍሩን ወደ ፊቴ አነጣጠረ። አራተኛዋ በትከሻዬ ላይ ዘለለች። ጅራቷ ገና አጭር ነው፤ አናቷ ላይ ነጩ የልጅነት ለስላሳ ላባ ጉፍ ጉፍ ብሎ ቀርቷል። ሁለት ጊዜ ክንፏን መታች፣ ከዚያ በአንድ ጎኗ አዘንብላ ከአጥሩ ጥግ ወደቀች። እስኪመሽ ፈለግኳት። ያገኘኋት በማግስቱ ነው፤ ድመት ጨርሷት ክንፏ ብቻ ቀርቶ። ፎቶውም ደብዛዛ ወጣ።

አንድ ሳምንት ብታገስ በራሷ ክንፍ ትወጣ ነበር። የዚህች ጭልፊት እንቁላል አራት ሳምንት ያህል ይታቀፋል፤ ጫጩቶቹ ደግሞ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ሳጥን ውስጥ ይቆያሉ። አደገኛው ጊዜ መጀመሪያውና መጨረሻው ነው። በመጀመሪያው ላይ እናቲቱን ካስበረገጋችኋት እንቁላሉን ጥላ ልትሄድ ትችላለች። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ሰው ሲመጣ ጫጩቶቹ መብረር ሳይችሉ ይዘላሉ። ለጥናት ብለው የጫጩት እግር ላይ ቀለበት የሚያስሩ ባለሙያዎች እንኳ ዕድሜያቸውን ቆጥረው ነው የሚወጡት፤ ያ ሳምንት ከደረሰ ዝር አይሉም። እኛ ማን ሆነን ነው በፈለግነው ሰዓት መሰላል የምናቆመው? ማየት የፈለገ ሰው ወፎቹ ሳይገቡ በፊት ትንሽ ካሜራ ከሳጥኑ ጣሪያ ሥር ይግጠምና ቤቱ ተቀምጦ ይይ። ያለዚያ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይዞ ከሩቅ ይቀመጥ። የት ድረስ መቅረብ እንደሚቻል ወንዱ ራሱ ይነግራችኋል፤ አይጥ በጥፍሩ ይዞ መጥቶ እናንተን አይቶ ከዞረ፣ ምሳ እያስቀራችሁ ነውና ወደ ኋላ በሉ።

ይሁንና መሰላሉ ከሚገድለው ይልቅ ከጎተራው ሥር ያስቀመጣችሁት ይበልጣል። እዚህ ላይ ነው ቁጣዬ።

የልብ ቅርጽ ያለው ነጭ ፊት ያላትን ጉጉት ተመልከቱ። ሣርና ጭራሮ ለቅማ ጎጆ አትሠራም። የምትበላውን ትውጠዋለች፤ ፀጉሩንና አጥንቱን አድቦልቡላ ትተፋዋለች፤ የተፋችውንም ሰባብራ ወለሏ ላይ ትነሰንሰዋለች። አልጋዋ ይኸው ነው። ያንን ድቡልቡል ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በመርፌ ፈታ ብታደርጉት የአይጥ የራስ ቅል ከነብርቱካናማ ጥርሱ ይወጣል፤ ከአንዱ ድቡልቡል ሦስት አራት የራስ ቅል መቁጠር ብርቅ አይደለም። እንቁላሏን በሁለትና በሦስት ቀን ልዩነት እየጣለች፣ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምራ ስለምትታቀፍ ታላቁ ጫጩት ከታናሹ በሁለት ሳምንት ሊበልጥ ይችላል። እሷ ትታቀፋለች፣ ወንዱ ሌሊቱን ሲያድን ያድራል። የቀኝና የግራ ጆሮው ከፍታ እኩል ስላልሆነ ሣር ውስጥ የምትንኮሻኮሸው አይጥ የት እንዳለች በድቅድቅ ጨለማ በድምፅ ብቻ ይለያል። ጫጩቶቹ ሲርባቸው እንደ እባብ ይተነፍሳሉ፤ ከታች የሚያልፍ ሰው ይደነግጣል። ታላላቆቹ ከራሳቸው ድርሻ ለታናናሾቹ ሲያቀብሉ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ምግብ ባጠረ ጊዜ ግን ትንሹ ይሞታል፣ የሞተውም ይበላል። ይህን አይታችሁ “እንዴት ያለ ጭካኔ ነው!” ብላችሁ ሥጋ ይዛችሁ መሰላል እንዳትወጡ። ቤተሰቡን ከነልጆቹ ብትቆጥሩት በዓመት የሚበላው አይጥ ከሺህ ያልፋል። እናንተ ሳጥኑን ስትሰቅሉ የፈለጋችሁትም ይህንኑ አልነበረም?

ታዲያ እዚያው ግቢ ውስጥ የአይጥ መርዝ ለምን አስቀመጣችሁ?

“መርዙ ለአይጥ ነው፣ ወፏ አትነካውም” ትሉኛላችሁ። ወፏ መርዙን አትነካም፤ መርዙን የበላችውን አይጥ ግን ትውጣለች፤ ከነሆዷ፣ ከነጉበቷ። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። ሰውነት ደም የሚያረጋበትን ንጥረ ነገር ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ደጋግሞ ይጠቀማል፤ መርዙ ይህን ይዘጋዋል። ከእነዚህ መርዞች ቀዳሚ የሆነው ዋርፋሪን በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ገበያ ሲገባ አይጧ ደጋግማ መብላት ነበረባት። አይጦች ሲለምዱት እነ ብሮዲፋኩም የተባሉ የባሱ መርዞች መጡ፤ እነዚህ በአንድ ጉርሻ ይበቃሉ፣ ጉበት ውስጥም ለወራት ይቆያሉ። አሁን ዋናውን ነገር ስሙ፤ አይጧ በበላችበት ቀን አትሞትም። ለቀናት እየደከመች ትቆያለች። በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ትወጣለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ስትባረር አትሮጥም። ሌሊቱን ሲለፋ ለሚያድር አባት ከዚህ የቀለለ አደን የለም። ጤነኛዋን ትቶ መርዘኛዋን ያነሳል፣ ወስዶም ለልጁ ያጎርሳል።

በማደግ ላይ ያለ ላባ ሥሩ ደም የቋጠረ ነው። የጤነኛ ጫጩት ላባ ቢሰበር ትንሽ ይደማና ይቆማል። የተመረዘው አይቆምም፤ ከወንድሙ ጋር በመጋፋት ብቻ የተጫረች ቁስል ልትጨርሰው ትችላለች። ሳጥኑን በወቅቱ መጨረሻ ስትከፍቱ የደረቁ ጫጩቶች ታገኙና “በሽታ ገባባቸው” ትላላችሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይኸው ነው።

ይህ ደግሞ አዲስ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። ዲዲቲ የተባለው የተባይ መርዝ በነፍሳት ላይ ሲረጭ ጭልፊትን የጠየቀ አልነበረም። በ1967 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው የወፍ ተመራማሪ ዴሪክ ራትክሊፍ በየስብስቡ የተቀመጡ የቆዩ እንቁላሎችን ከአዲሶቹ ጋር አነጻጽሮ፣ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፔሬግሪን ጭልፊት እንቁላል ቅርፊት መሳሳቱን አሳየ። እናቶቹ የታቀፉትን በገዛ ክብደታቸው እየሰበሩት ነበር። በሞሪሸስ ደሴት ብቻ የሚኖረው ጭልፊት፣ ደኑ ተመንጥሮበት፣ ከውጭ የገቡ እንስሳት ተጨምረውበት፣ ዲዲቲውም አግዞ፣ በ1974 (እ.ኤ.አ.) በዱር የሚታወቁት አራት ብቻ ቀርተው ነበር። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያው ካርል ጆንስና ባልደረቦቹ እንቁላል ወስደው እያስፈለፈሉ፣ እያበሉ፣ ሳጥን እየሰቀሉ ወደ መቶዎች መለሱት። ሳጥን ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም። ግን ሳጥኑ የሠራው መርዙ ከቆመ በኋላ ነው። እናንተ ሁለቱን በአንድ ላይ ይዛችኋል።

“ያለ መርዝ አይጥ ይጨርሰናል” ለሚለኝ ሰው የዮርዳኖስ ሸለቆን አሳየዋለሁ። በእስራኤል በኩል በስዴ ኤሊያሁ የእርሻ መንደር ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዚችው ነጭ ጉጉት ሳጥን ሰቀሉ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በዮርዳኖስ በኩል ያሉ ገበሬዎችም ገቡበት። በብዙ ነገር የማይስማሙ ሰዎች ጉጉቷ ወሰን ተሻግራ እንደምታድን አይተው፣ አንዱ የሚያስቀምጠው መርዝ የሌላውን ጉጉት እንደሚገድል ተረድተው በዚህ ተስማሙ። እኛ ከአጥር ማዶ ካለ ጎረቤታችን ጋር መነጋገር አቅቶናል። አዎ፣ ጉጉቷ አይጥን ከምድር አታጠፋም፤ እንደዚያ ብዬ አልዋሽም። የእህሉን በር ግጠሙ፣ ቀዳዳውን በብረት መረብ ድፈኑ (ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያሳልፍ ቀዳዳ ትሾልካለች)፣ ቆሻሻውን አንሡ፤ ለቀሩት ደግሞ ወፍ እንዳይገባበት በተከደነ ቦታ ወጥመድ አስቀምጡ። የቀረውን ለሌሊቱ አዳኝ ተዉለት።

ስለ አዛኞቹም አንድ ቃል አለኝ። ጫጩት መሬት ላይ አግኝታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቤት የምታስገቡ፣ ወተትና ዳቦ የምትግቱ፣ እናንተ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ናችሁ። አዳኝ ወፍ ወተት አይጠጣም። ገና ትንሽ ሆኖ በሰው እጅ ያደገ ደግሞ ሰውን ወላጁ አድርጎ ይይዛል፤ በኋላ ዱር ብትለቁት ወገኑን አያውቅም። ነጯ ጉጉት መሬት የወደቀ ልጇን አብዛኛውን ጊዜ አትመግብም፤ ስለዚህ ካልቆሰለ አንሥታችሁ ወደ ሳጥኑ መልሱት፤ መሰላል የሚፈቀድላችሁ ያን ጊዜ ነው። “የሰው ሽታ ካረፈበት እናቱ ትተወዋለች” የሚባለው ተረት ነው። ቆስሎ ከሆነ በካርቶን አድርጋችሁ፣ ጨለማና ጸጥታ ሰጥታችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ፎቶ እያነሳችሁ አይደለም።

ጫጩት እንዲህ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ሳጥኑ በግድየለሽነት ስለተሠራ ነው። ለነጯ ጉጉት የምትሰቅሉት ሳጥን ከመግቢያው ቀዳዳ እስከ ወለሉ ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ይኑረው፤ ጫጩቱ ክንፉ ሳይጠና አፉ ላይ መድረስ የለበትም። እኔ ካየኋቸው ሳጥኖች ግማሾቹ ጥልቀታቸው ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፤ ከፊታቸው ላይ ግን ቀለም የተቀባ አበባ አለ። አበባው ለማን ነው?

እንግዲህ ዛሬ ማታ፣ ወንዱ ለአደን ሳይወጣ፣ ጓንት አድርጋችሁ ከጎተራው ሥር፣ ከጣሪያው ሥር፣ ከአጥሩ ጥግ ያስቀመጣችሁትን መርዝ አንድ በአንድ ልቀሙት። ሞታ የተጋደመች አይጥ ካለች ወፍና ድመት በማያገኛት ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሯት። ከአጥር ማዶ ያለውንም ጥሩት፤ የሱ አይጥና የእናንተ ጉጉት ሌሊት ይገናኛሉ። ስትጨርሱ መሰላሉን ከግድግዳው ላይ አንሥታችሁ ወደ ቤት አስገቡት።