መጀመሪያ አወዳደቅ

እኛ ሀገር ካራቴ ልማር ብሎ የሚመዘገብ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካልቾ መቼ ነው?» ብሎ ነው። ጃፓን ውስጥ አይኪዶ የሚባለውን ማርሻል አርት ልማር ብሎ ዶጆ (የልምምድ ቤት) የገባ ሰው ግን መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ወለል ላይ መንከባለል ነው። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ በቀኝ፣ በግራ። ሳምንት አልፎ ሳምንት ይተካል፣ እሱ ይንከባለላል። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠሩት ባለ ጥቁር ቀበቶዎችም ቢሆኑ ልምምዱን የሚጀምሩት በዚያው በመንከባለል ነው።

የምኖረው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ ነው። እዚህ አካባቢ ሐበሻ በዛ ብለን እንገኛለን። እኔ የምሠራበት ቦታ ተራ የሕዝብ ስፖርት አዳራሽ ነው፤ ታታሚ የሚባለው ምንጣፍ የተነጠፈበት አንድ ክፍል አለው፣ ጁዶውም አይኪዶውም በየተራ ይገቡበታል።

አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት አብረውን ይሠራሉ። ሲንከባለሉ ድምፅ የላቸውም። በመጀመሪያ ታታሚውን የሚነካው የትንሿ ጣታቸው ጠርዝ ነው። ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ ክርን፣ ከዚያ ትከሻ ይከተላል። ክብደቱ ከቀኝ ትከሻ ተነሥቶ ጀርባቸውን በሰያፍ አቋርጦ በግራ ዳሌ በኩል ይወጣል። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ስለተለጠፈ አናታቸው ወለሉን አይነካም። ጨረሱ ስትል ቆመዋል፤ ፊታቸውንም ወደ አንተ አዙረዋል። እኔ ስንከባለል ደግሞ ከአይሱዙ ላይ የተወረወረ የድንች ጆንያ ነው የምመስለው።

አይኪዶን የመሠረቱት ሞሪሄ ኡዬሺባ ናቸው፤ በ1883 ተወልደው በ1969 ያረፉ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዳይቶ ሪዩ የሚባለውን የድሮ ጁጁትሱ (የጃፓን የትግል ጥበብ) ከታኬዳ ሶካኩ ተምረው ነው የራሳቸውን መንገድ ያወጡት። ዋናው ዶጆ ዛሬም ሺንጁኩ ውስጥ አለ። ኡዬሺባ ያቆሙት ዋናው ቤት ውድድር የሚባል ነገር አያውቅም። ሜዳሊያ የለም፣ አሸናፊ የለም። ሁለት ሁለት ሆነን እንቆማለን፤ አንዱ ያጠቃል፣ ሌላው ይጥላል። ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ፣ ከዚያ ተራ መቀያየር ነው። ስለዚህ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው ሁሉ የጣለውን ያህል ወድቋል።

እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ጃፓን የማዕረግ ሀገር ናት። ማን ከማን በፊት እንደሚቀመጥ፣ ማን ለማን ጎንበስ እንደሚል፣ ለታላቅ በምን ዓይነት አነጋገር እንደሚወራ ሁሉም የተወሰነ ነው። በዚህስ ከእኛ ጋር እንግባባለን። ዶጆ ውስጥ ግን ታላቁ ለታናሹ ይወድቅለታል፤ መውደቁም ሥራው ነው። ጀማሪው እንዲማር ባለሙያው ገላውን ያበድረዋል። እስቲ አንድ የሰፈራችንን ጋሼ አስቡ። ከልጃቸው ዕድሜ በታች በሆነ ጎረምሳ በሰው ፊት ተጥለው፣ ተነሥተው «ጥሩ ነው፣ ድገመው» ሲሉ ይታያችኋል? ጎረምሳውስ ይደፍራል?

እኔም መጀመሪያ አልደፈርኩም። ሾሜን ኡቺ የሚባል ምት አለ፤ በእጅ ጠርዝ ከላይ ወደ ታች ግንባር መሐል ይመታል። የሰይፍ ምት ነው፣ ሰይፉ ብቻ ነው የሌለው። አዛውንቱን ምታ ስባል እጄን ወደ ጎን ዘወር አደረግኳት። በእኛ ልማድ አክብሮት ነው። እሳቸው ግን ንቅንቅ ሳይሉ ቆመው አዩኝና «እንደገና» አሉ። ደገምኩ፣ አሁንም ወደ ጎን። «እንደገና።» ካልመታኋቸው የሚከላከሉት ነገር የላቸውም፤ የውሸት ምት የሰጠ ሰው ጊዜያቸውን ነው የሰረቃቸው። በመጨረሻ ግንባራቸው ላይ አነጣጥሬ የምሬን ሰነዘርኩ። እጄ የት እንደደረሰች ሳላውቅ ታታሚውን በጉንጬ አየሁት። ፈገግ አሉ።

የእጅ መጠምዘዙ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ኒክዮ የሚሉት አለ። ሰውየው አንጓህን ይዞ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፣ ክርንህን ጎበጥ ያደርገዋል፣ ከዚያ ወደ አንተ ትንሽ ብቻ ጎንበስ ይላል። ጉልበት አይጠቀምም። ሕመሙ ከአንጓ ተነሥቶ በክንድ ሽቅብ ይሮጣል፤ ጉልበትህ ሳታዘው ይታጠፋል። በነፃ እጅህ ታታሚውን ሁለቴ ጠብ ጠብ ታደርጋለህ፣ ወዲያው ይለቅሃል። ያቺ ምልክት አትጠየቅም። «ገና ምን ነካሁህና» የለም፣ «ወንድ አይደለህም እንዴ» የለም። ሁሉም የሌላውን መገጣጠሚያ በእጁ ስለሚይዝ፣ መልቀቅ ያልቻለ ሰው በማግስቱ አብሮት የሚሠራ አያገኝም።

አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ይህን በስልክ ስነግረው ሳቀብኝ። «ማጅራት መቺ እጅህን ይይዝሃል እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማጅራት መቺ አንጓ አይዝም። ግን ሰይፍ የታጠቀን ሰው ልታጠቃ ብትነሣ መጀመሪያ የምትይዘው ሰይፉን የሚመዝበትን እጅ ነው። ብዙው ጠመዛ የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። ራስን ለመከላከል ብቻ ከሆነ፣ ጓደኛዬ እንደሚለው፣ በጊዜ ቤት መግባት ይሻላል።

የእኛውን ነገር ሳስብ፣ ማርሻል አርት ወደ ሰፈራችን የገባው በቪዲዮ ቤት በር ነው። ከፊልሙ የወጣ ልጅ በሙሉ መንገድ ላይ ካልቾ እየሰነዘረ ነበር ቤቱ የሚደርሰው። ከዚያ ማስተሩ መጣ፣ የቀበሌው አዳራሽ መጣ፣ ቴኳንዶው መጣ። እነዚያ ማስተሮች ስንቱን ልጅ ከጫትና ከጎዳና እንዳተረፉ ሰፈር ያውቀዋል፤ ብዙዎቹ ክፍያ እንኳ በቅጡ አይቀበሉም ነበር። እዚህ ቶኪዮ እንደዚያ ለተማሪው ቤት ድረስ የሚጨነቅ አስተማሪ አላየሁም። ሰዓቱ ሲያልቅ ወለሉን አብረን እንጠርጋለን፣ እንሰግዳለን፣ እንበተናለን። የማስተሩ ሻይ ይናፍቀኛል።

መውደቅ ግን አላስተማሩንም። ምክንያቱን በባህል ለማሳበብ ይመቻል፣ እኔ ግን ጥፋተኛው ሲሚንቶው ነው ባይ ነኝ። በደረቅ ሲሚንቶ ላይ ማን ይንከባለላል? ገጠር ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው መስክ ላይ ትግል ሲገጥም ማንም ሳያሳየው አወዳደቅ ይማራል። ከተማ ስንገባ ሣሩ ቀረ፣ ቆሞ የሚሠራው ብቻ ተረፈን። ቆሞ ከሚሠራው ደግሞ ዓይን የሚገባው ካልቾውና ቀበቶው ነው። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፤ ለየቀለሙ ፈተና፣ ለየፈተናው ፎቶ። በዋናው የአይኪዶ ዶጆ አዋቂ ተማሪ ጥቁር እስኪያገኝ ነጩን አያወልቅም። ጥቁር ቀበቶን ራሱ ያመጡት የጁዶ መሥራች ካኖ ጂጎሮ ናቸው፣ በ1880ዎቹ። የቀለሙ ድርድር በብዛት የተስፋፋው በኋላ አውሮፓ ላይ ነው፤ በ1930ዎቹ ፓሪስ ጁዶ ያስተምር የነበረው ካዋይሺ በዚህ ስሙ ይነሣል።

ጃፓኖቹን ግን መልአክ አላደርጋቸውም። ከ1983 እስከ 2011 ድረስ በትምህርት ቤት ጁዶ ብቻ ከ100 በላይ ልጆች ሞተዋል። ብዙዎቹ የሞቱት ጭንቅላታቸው ተመትቶ ነው፤ ገና መውደቅ ያልቻሉ ጀማሪዎችም ነበሩባቸው። ነገሩ በሰፊው መነጋገሪያ የሆነው በ2012 ማርሻል አርት በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ግዴታ ሊሆን ሲል ነው። ወላጆች እስኪጮኹ ድረስ ዝም ተብሎ ነበር። «ቻለው» የሚባለው ነገር እዚህም አለ፤ አስተማሪ አይጠየቅም የሚባለውም አለ።

አዛውንቱ ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ የተናገሩት አንድ ቃል ነው። «አበበ!» በልጅነታቸው በቴሌቪዥን አይተውታል። የቶኪዮውን የኦሊምፒክ ማራቶን ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ከጨረሰ በኋላ ሣር ላይ ጋደም ብሎ እግሮቹን ወደ ላይ ሲያፍታታ ያስታውሳሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ለጁዶ ተብሎ በተሠራው ቡዶካን አዳራሽ ሆላንዳዊው አንቶን ሄሲንክ የጃፓኑን ካሚናጋን አሸንፎ ሀገሩን አስለቀሰ። «በዚያ ሳምንት ሁለት የውጭ ሰው አስተማረን» ይላሉ።

አይኪዶና ኢትዮጵያ ጭራሽ አይተዋወቁም ማለት አይደለም። «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ በ1965 ያሳተሙት ዶናልድ ሌቪን፣ ስለ እኛ በመጻፍ የምናውቃቸው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ምሁር፣ አይኪዶ አስተማሪም ነበሩ። ስለ ግጭት የሚያስተምሩትን ኮርስ ከታታሚ ጋር አዋህደውት ነበር። ሐዋሳ ላይ ወጣቶች የአይኪዶ ዶጆ ሲከፍቱ ከረዷቸው አንዱ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ይቻላል።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ አንድ የማውቀው ማስተር ጋ ጎራ አልኩ። ልጆቹ መንከባለሉን በጨርፍታ አዩና ኒክዮን አሳየን አሉ። ካሳየኋቸው በኋላ ክፍሉ በሙሉ «እሪ» ሆነ፤ ታላቅ የታናሹን እጅ እየጠመዘዘ። ማስተሩ አፏጨና ዝም አሰኛቸው። «ነገ እናቶቻቸው እኔ ላይ ነው የሚመጡት» አለኝ። ከዚያ ወለሉን በእግሩ እየመታ ጠየቀኝ፦ «ያ የእነሱ ምንጣፍ ከምንድን ነው የሚሠራው?» የጥንቱ ታታሚ ውስጡ የሩዝ ጭድ እንደሆነ ነገርኩት። የጤፍ ጭድ በሸራ ሰፍተን ብንሞክረውስ ስለው ትንሽ አሰበና፣ «አንተ ከሀገር ከወጣህ ቆይተሃል» አለኝ። «የጭድ ዋጋ ሰምተሃል?»