እርማት፦ የብራንደንቡርግ በር የሺንክል ሥራ አይደለም

«የበርሊኑን የብራንደንቡርግ በር የነደፈው ካርል ፍሪድሪሽ ሺንክል ነው» የሚለው አባባል ደጋግሞ ይሰማል፤ ስህተት ነው። ነዳፊው ካርል ጎትሃርድ ላንግሃንስ ነው። ግንባታው በ1788 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲጀመር፣ በ1781 ኖይሩፒን ውስጥ የተወለደው ሺንክል ገና ሕፃን ነበር።

ስህተቱ ግን መነሻ አለው። በበሩ አናት ላይ ያለውን ባለ አራት ፈረስ ሠረገላ (የቀራጺው የሻዶ ሥራ ነው) ናፖሊዮን በ1806 ወደ ፓሪስ አስወሰደው። በ1814 ሲመለስ፣ ሠረገላውን የምትነዳው የድል እንስት አምላክ በእጇ የያዘችውን ዘንግ ጫፍ እንደ አዲስ የነደፈው ሺንክል ነው፦ የብረት መስቀል (የፕሩሺያ የጦር ሜዳ ኒሻን)፣ ዙሪያውን የባሉጥ ቅጠል አክሊል፣ ከላዩ የፕሩሺያ ንስር። በበሩ ላይ ያለው የእሱ እጅ ይኸው ነው።

የላንግሃንስንና የሺንክልን ሥራ ልዩነት በዓይን ለማየት የዓምዶቹን እግር ተመልከቱ። የበሩ 12 ዓምዶች እያንዳንዳቸው ክብ መቀመጫ አላቸው። በዚያው በኡንተር ዴን ሊንደን ጎዳና ላይ ሺንክል ከ1816 እስከ 1818 የሠራው ኖየ ቫኸ፣ ማለትም የዘብ ቤቱ፣ ፊት ለፊት የቆሙት 6 ዓምዶች ግን ዶሪክ በሚባለው የጥንት ግሪክ የዓምድ ስልት ያለ መቀመጫ ቀጥ ብለው ከወለሉ ይነሣሉ። ይህ መለያ ለእነዚህ ሁለት ሥራዎች ብቻ ይሠራል፤ በ1830 የተከፈተው የሺንክል አልተስ ሙዚየም 18 ዓምዶች አዮኒክ (ሌላው የግሪክ የዓምድ ስልት) ስለሆኑ መቀመጫ አላቸው።