ማስተካከያ፦ የወይን ዘር ለብርዳም አገር

ባለፈው ስለ ወይን በወጣው ጽሑፍ ላይ «ዘሩን አድርቆ መዝራት ይበቃል፤ ፍሬውም እንደ እናቱ ይሆናል» ተብሎ ነበር። ሁለቱም ልክ አይደለም።

የወይን ዘር ብርድ ካልቀመሰ በደንብ አይበቅልም። ከበሰለ ፍሬ ያወጣችሁትን ዘር እጠቡና ውሃ ውስጥ ጨምሩት። የሚንሳፈፈው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ጣሉት። የሰመጠውን እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጋችሁ ከ2 እስከ 3 ወር ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ፍሪዘር ውስጥ እንዳታስገቡት! «የደሴ ብርድ ምን አነሰው?» ለምትሉ፣ ሌሊቱ ቢቆረጥምም ቀን ፀሐይዋ መልሳ ታሞቀዋለች። ከፍሪጅ ሲወጣ ደግሞ ሞቅ ያለ አፈር ይፈልጋል።

ፍሬውን በተመለከተ፣ ከዘር የበቀለ ወይን በጣዕምም በቀለምም ከእናቱ ሊለይ ይችላል። ለዚያውም ቢያንስ 3 ዓመት ያስጠብቃል። ያንኑ የወደዳችሁትን ወይን ከፈለጋችሁ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ ትከሉ፤ ቁርጥ ያለው መንገድ እሱ ነው።

ወረኢሉና ደላንታ ያላችሁ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ ለጋ ችግኝ ያቃጥላል። በጣሳ አብቅሉትና ማታ ማታ ቤት አስገቡት።