እጃቸውን ቁርጥማት አይንካው!

ውል መፈረም ሙያ ነው። ሙያውን መማር የሚፈልግ ካለ ወደ አረብ ሊግ ይሂድ። የአፍሪካ ኅብረት በተቀመጠበት ከተማ እየኖርኩ በሰው ጉባኤ ብስቅ ነውር ነው። ስለዚህ አልስቅም፤ አመሰግናለሁ።

ሊጉ ካይሮ ላይ የተቋቋመው በ1945 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። ያኔ አውሮፓውያን ገና እየተጋደሉ ነበር። የጋራ ገበያቸውን የመሠረቱበትን የሮም ውል የፈረሙት ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ምን እንዳጣደፋቸው እንጃ! ቀረጡን አነሱ፣ ገበያውን አንድ አደረጉ፣ ብዙዎቹ ገንዘባቸውን ሳይቀር ቀላቀሉ። አሁን የሚፈርሙት ቢያጡ የማን ጥፋት ነው?

አረቦቹ አስተዋዮች ናቸው። ውሉን ሠርተው አይጨርሱትም፤ ለሚመጣው ጉባኤ ያተርፉለታል። በ1953 የንግድና የትራንዚት ስምምነት። በ1957 የኢኮኖሚ አንድነት። በ1964 ለግብፅ፣ ለኢራቅ፣ ለዮርዳኖስና ለሶርያ የጋራ ገበያ ተወሰነ። በ2009 ደግሞ ኩዌት ላይ ተሰብስበው፣ ከ2020 በፊት የጋራ ገበያ ይኑረን አሉ። የ1964ቷን ሙሽራ እንደገና ዳሯት ማለት ነው! ከገበያው በፊት ለሚመጣው የጉምሩክ ኅብረት፣ ማለትም ሁሉም ለውጭ ዕቃ አንድ ዓይነት ቀረጥ ለሚያስከፍሉበት፣ ቀጠሮው 2015 ነበር። መጣ፣ ሄደ። 2020ም መጣ። እሱስ ኮሮና ነበር፤ ማን ገበያ ይወጣል?

ሐሰት አልናገርም። ከ2005 መግቢያ ጀምሮ፣ በታላቁ የአረብ ነጻ የንግድ ቀጠና አባላት መካከል አብዛኛው ቀረጥ ተነሥቷል። ቀረጥ ቢሄድም ቤተሰቡ አለ። የዕቃው መነሻ አገር ማስረጃ አለ። ፍተሻ አለ፣ ማኅተም አለ፣ የሾፌር ቪዛ አለ። በዮርዳኖስና በኢራቅ ድንበር፣ ትሬቢል ላይ፣ ለዓመታት የነበረውን አሠራር ተመልከቱ። የዮርዳኖሱ መኪና ይደርሳል፤ ጭነቱ ይወርዳል፤ በኢራቁ መኪና እንደገና ይጫናል። ይህ ለጫኝና አውራጅ የታሰበ የሥራ ፈጠራ ካልሆነ ምንድን ነው? ከአረብ አገራት ጠቅላላ ንግድ እርስ በርስ የሚገበያዩት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው ብለው የሚያሙ አሉ። ዘጠኙን እጅ ለእንግዳ መተው የአረብ ቸርነት መሆኑን ማን በነገራቸው!

ማግሬብን፣ የሰሜን አፍሪካን ምዕራባዊ የአረብ አገሮች፣ ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። በ1989 አምስት መሪዎች ማራካሽ ላይ የአረብ ማግሬብ ኅብረትን መሠረቱ። የመሪዎቹ የመጨረሻ ጉባኤ የተካሄደው በ1994 ነው። በዚያው ዓመት የአልጄሪያና የሞሮኮ የየብስ ድንበር ተዘጋ፤ እንደተዘጋም አለ። ኅብረቱ ግን አልፈረሰም። ጽሕፈት ቤቱም ራባት አለ። በሞሮኮ የድንበር ከተማ በሳኢዲያ አጠገብ ዘመዳሞች ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ማዶ ቆመው ይጣራሉ፤ ሰላምታ ከቀረጥ ነጻ ነው። በ2021 ደግሞ አልጄሪያ በሞሮኮ በኩል ወደ ስፔን ይሄድ የነበረውን ጋዝ አቆመችው። አሁን የጎረቤት መሬት ሳይረግጥ በባሕር ሥር ይሻገራል። ጨዋ ጋዝ!

የባሕረ ሰላጤዎቹ፣ እነ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስና ኳታር፣ ይሻላሉ ይባላል። እውነት ነው፣ የጉምሩክ ኅብረት አላቸው፤ ከ2008 ጀምሮም የጋራ ገበያ። አንድ ገንዘብም ሊያትሙ ነበር። ኦማን ቀድማ ወጣች። በ2009 ማዕከላዊ ባንኩ ሪያድ ይሁን ሲባል ኤምሬትስም ወጣች። የጋራ ገበያው ያማረበት ግን 2017 ነው። ሳዑዲ፣ ኤምሬትስና ባሕሬን በኳታር ላይ በራቸውን ዘጉ። ዶሃ የለመደችው የሳዑዲ ወተት ቀረባት። ምን ይደረግ? ላሞቹ በአውሮፕላን ተሳፍረው መጡ። የወተት ላም በቦይንግ የሚበርበት የጋራ ገበያ ብራስልስ አላት?

አሁን የሚያሳስበኝ የቀጠሮው ዓመት ነው። 2030ን ሳዑዲና ግብፅ ለየራሳቸው ራእይ ይዘውታል። 2040ን ኦማን ወስዳዋለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰፊ ነው፤ አንዱን መርጠው ይፈርሙ።